ቀስት ለመገተር ጎንደር የሰነበትሁበት ሳምንት

ሰኞ

ከአዲስ አበባ የተነሣው አውሮፕላን አዘዞ በሚገኘው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያርፍ ክረምቱ ከወጣ ወር አልፎት ነበር። የያዝሁት ጓዝ ከሌላው መንገደኛ ለየት ይላል። ሦስት ቦታ የሚፈታ ቀስት በጋቢ ጠቅልዬ፣ ስድስት ፍላጻዎችን ደግሞ በልካቸው በቆረጥሁት የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ውስጥ ከትቼ፣ ሁለቱንም በሻንጣ ክፍል እንዲጫኑ አስረክቤ ነበር። ቧንቧው ሳይሰበር ሲወጣ ባየሁ ጊዜ ትልቅ እፎይታ ተሰማኝ።

ይህን ቀስት ከውጭ አገር የመጣ ዘመዴ ካበረከተልኝ ስምንት ወር ሆኖታል። ስምንቱንም ወር በቤታችን ጓሮ፣ በስልኬ ላይ ቪዲዮ እየተመለከትሁ ብቻዬን ስለማመድ ቆይቻለሁ። አቋቋሙን፣ አያያዙን፣ አለቃቀቁን አንድ በአንድ አጥንቻለሁ፤ ይሁን እንጂ የምወረውረው ፍላጻ ሁሉ ካሰብሁት ቦታ ወደ ግራ ይሄድ ነበር። አውታሩን ቀየርሁ፤ ፍላጻም ለወጥሁ፤ እግሬን አሁን ወደዚህ፣ አሁን ወደዚያ አዞርሁ፤ ግራ መሄዱ ግን አልቀረም። ጎንደር ውስጥ የዚህን ዓይነት ቀስት በአካል የሚያስተምር ሰው መኖሩን ከአንዲት ጓደኛዬ የሰማሁት በዚህ መካከል ነው።

ፒያሳ አካባቢ ባገኘሁት ፔንሲዮን ጓዜን አሳርፌ ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ወደ ቁስቋም አቅጣጫ ወጣሁ። አሰልጣኙ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ብዙ ዘመን ባሕር ማዶ ኖረው ወደ ትውልድ ከተማቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። «ጋሼ» እያልሁ ላነጋግራቸው ከመጀመሪያው ሰላምታ ጀምሮ ቀለለኝ። መለማመጃቸው ከግቢያቸው በስተጀርባ ያለ ጠፍ መሬት ሲሆን፣ ጭድና አሮጌ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት ትልቅ ጆንያ በሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች መካከል ተሰቅሏል። ከጆንያው ኋላ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአፈር ቁልል አለ፤ የሳተ ፍላጻ እዚያ ይቀራል እንጂ አያልፍም።

በዚያን ቀን አንድም ፍላጻ አላስወረወሩኝም። ይልቁንም ቀስቴን ፈተው ገጠሙት። ሪከርቭ የሚባለው ቀስት የሁለቱ ክንፎቹ ጫፍ ወደ ፊት፣ ማለትም ከቀስተኛው ተቃራኒ ወደሆነው አቅጣጫ የተቆለመመ ነው። አውታር ሲታሰርበት አውታሩ በቆልማማው ጫፍ ላይ ይተኛል፤ በሚገተርበት ጊዜም ያ ቆልማማ ጫፍ ይፈታና ጉልበት ይጨምራል። አጭር ሆኖ ሳለ ኃይል የሚያጠራቅመውም በዚህ ምክንያት ነው። እኔ አውታሩን የማስረው ቀስቱን በሁለት እግሮቼ መካከል አስገብቼ በጭኔ በመለመጥ መሆኑን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «እንዲህ ሲደረግ ክንፉ ይጠመዘዛል፤ አንዴ ከተጠመዘዘ መድኃኒት የለውም» ብለው በሁለቱ ጫፎች የሚጠለቅ ገመድ አመጡና፣ መካከሉን በእግር ረግጦ እጀታውን ወደ ላይ በመሳብ እንዴት እንደሚታሰር አሳዩኝ። ከዚያም ጭብጣቸውን እጀታው ላይ አሳርፈው አውራ ጣታቸውን ወደ አውታሩ ቀሰሩ። በአውራ ጣታቸውና በአውታሩ መካከል የአንድ ጣት ክፍተት ነበር። «በእኔ እጅ ልኩ ይህ ነው» አሉ። በሜትር ስንለካው 20 ሳንቲ ሜትር ሆነ።

ማክሰኞ

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ደረስሁ። የጎንደር ብርድ በዚያ ሰዓት ጣት ያደርቃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እጄን በሻይ ብርጭቆ አሟሟቅሁ።

ጋሼ ስድስቱንም ፍላጻ ከአሥር ሜትር ላይ እንድወረውር ነገሩኝና ከኋላዬ፣ ከዚያም ከጎኔ ቆመው ዝም ብለው ተመለከቱ። ስድስቱም ወደ ግራ ሄዱ፤ ሁለቱ ከጆንያው ውጭ አፈሩ ላይ ተሰኩ። ስለ ክንዴም ሆነ ስለ እግሬ ምንም አላሉም። ቀስቱን አስቀምጬ ሁለት እጆቼን ወደ ፊት እንድዘረጋ፣ በመዳፎቼ መካከልም ትንሽ ቀዳዳ እንድሠራ አዘዙኝ። ከዚያ አራት እርምጃ ያህል ርቀው ፊት ለፊቴ ቆሙና «በሁለቱም ዓይንሽ እያየሽ አፍንጫዬን በቀዳዳው ውስጥ ተመልከቺ» አሉኝ። ተመለከትሁ። በቀዳዳው ውስጥ እኔ የእሳቸውን አፍንጫ ሳይ፣ እሳቸው የሚያዩት የእኔን አንድ ዓይን ነበር።

«ልጄ፣ የምታይበት ዓይን ግራው ነው» አሉኝ።

ሦስት ጊዜ ደገምነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ሆነ። የሰው ልጅ የሚጽፍበት እጅ እንዳለው ሁሉ አሻግሮ የሚያነጣጥርበት ዓይንም አለው። በብዙ ሰው ዘንድ እጁና ዓይኑ በአንድ ወገን ይሆናሉ፤ በእኔ ዘንድ ግን ቀኝ እጅና ግራ ዓይን ተለያይተው ኖረዋል። ቀስቱን በግራ እጄ ይዤ አውታሩን በቀኝ እጄ እስከ ቀኝ የከንፈሬ ጥግ ስስብ ፍላጻው የሚተኛው ከቀኝ ዓይኔ ሥር ነው። ጫፉን ከዒላማው ጋር የሚያገጣጥመው ደግሞ የግራው ዓይኔ ነው። ስለዚህ ጫፉ በትክክል ያረፈ ሲመስለኝ የፍላጻው ጭራ ወደ ቀኝ ያደላ ነበር፤ ጭራው ወደ ቀኝ ካደላ አፉ ወደ ግራ እንደሚያመለክት ግልጽ ነው። ጋሼ ይህን በአፈሩ ላይ በዘንግ ሥለው ሲያሳዩኝ፣ ስምንት ወር ሙሉ የቀየርሁት አውታርና ፍላጻ አንድ በአንድ ፊቴ ላይ መጣብኝ። ቪዲዮዎቹ ሐሰት አልተናገሩም፤ እኔን ግን ማየት አልቻሉም።

ሁለት መንገድ እንዳለ ነገሩኝ። አንደኛው ግራ ዓይንን ጨፍኖ በቀኝ እጅ መቀጠል ነው፤ ሁለተኛው እጅን ለውጦ ከመጀመሪያ መማር ነው። ማነጣጠሪያ መሣሪያ በሌለው በባህላዊው አወራወር ርቀትን የሚመዝነው የሁለቱ ዓይኖች ኅብረት ስለሆነ አንዱን መጨፈን እንደማይመክሩ ጨመሩበት። ምርጫው የእኔ ነበር። እጄን ለመለወጥ ወሰንሁ።

የእኔ ቀስት ግን ለግራ እጅ አይሆንም። ፍላጻው የሚያርፍበት ደረጃ እጀታው ላይ የተቀረጸው በአንድ ወገን ብቻ ነውና። ጋሼ ከቤት ገብተው ለግራ ሳቢ የተሠራ፣ እጀታው እንጨት፣ ክንፉ እንጨትና ፋይበርግላስ የሆነ ቀስት ይዘው ወጡ። ክብደቱ 20 ፓውንድ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሲገተር 9 ኪሎ ግራም ያህል ጭነት ጣት ላይ ያርፋል ማለት ነው። የእኔው 30 ፓውንድ፣ ወደ 14 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ነበር። «ለጀማሪ ከባድ ቀስት መስጠት ሸክም ተሸክሞ ፊደል እንደ መቁጠር ነው» አሉ። ከባድ ቀስት የያዘ ሰው ልቡ ሁሉ ጭነቱ ላይ ስለሚሆን ሰውነቱን የማዳመጥ ዕድል አያገኝም።

ረቡዕ

ዒላማ የለም፤ ርቀቱም አምስት እርምጃ ብቻ ነው። ከጆንያው ፊት ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እንድወረውር ታዘዝሁ። አፈሩ ቁልል ቅርብ፣ ጆንያውም ሰፊ ስለሆነ የሚያሰጋ ነገር የለም። እንዲያም ሆኖ ከብት የሚነዱ ልጆች በጠፍ መሬቱ ዳር ብቅ ባሉ ቁጥር ጋሼ «ቁሚ!» ይላሉ፤ እኔም ፍላጻውን ከአውታሩ አውጥቼ መሬት ላይ አስቀምጣለሁ። በዚህ ጉዳይ ሳቅም ሆነ ችላ ማለት የለም።

በግራ እጅ መሳብ ባዕድ ነገር ነው። ጣቶቼ ከአውታሩ ጋር አይተዋወቁም፤ አንዱን ጣት ከፍላጻው በላይ፣ ሁለቱን ከሥር ማድረግ እንኳ ማሰብ ይጠይቀኝ ነበር። የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው፦ በቀኝ እጄ ያካበትሁት መጥፎ ልማድ አብዛኛው ወደ ግራ አልተከተለኝም። ጋሼም ይህን አስተውለው «ያልታረሰ መሬት ነው» አሉ።

አንድ ቃል ቀኑን ሙሉ ሠራ። እኔ «መሳብ» የምለውን እሳቸው ሁልጊዜ «መገተር» ይሉታል። «ሳቢ» ቢሉኝ እጄ ይታዘዛል፤ ክርኔ ይታጠፋል፤ ትከሻዬም ወደ ጆሮዬ ይወጣል። «ገትሪ» ሲሉኝ ግን፣ ደረቱን ገትሮ እንደሚቆም ሰው፣ መላ አካላቴ ነው የሚሰማው። ካልከፋኝ ብለው አስፈቅደው የአጭር ዘንግ ጫፍ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶቼ መካከል አስነክተው «ይህን ዘንግ በጀርባሽ ያዢልኝ» አሉኝ። አጥንቶቹ ወደ መካከል ተጠጉ፤ ክንዴ ላይ የነበረው ጭነት ወደ ጀርባዬ ሲዞር በግልጽ ተሰማኝ። ስምንት ወር «የጀርባ ጡንቻ ተጠቀሚ» የሚለውን ትምህርት ሰምቻለሁ፤ ጀርባዬ የት እንዳለ የነገረኝ ግን ያ ዘንግ ነው።

ከጎረቤት የመጣ፣ ዳዊት በመድገም ላይ ያለ ልጅ አጥር ላይ ተቀምጦ ይመለከተን ነበር። ቃሉን በሰማ ጊዜ ፈገግ ብሎ «ቀስቱን ገተረ አዘጋጀም» አለ። ከሰባተኛው መዝሙር ነው። ጋሼ ጭንቅላቱን ዳሰሱት።

ሐሙስ

በዚህ ቀን ስለ መልቀቅ ብቻ ነው የተማርሁት። የጉዞዬ ዋነኛ ቀንም ይህ ይመስለኛል።

አወራወሬ ሲታይ ሁሉም ነገር ደህና ነው፤ አውታሩ ከከንፈሬ ጥግ ይደርሳል፤ ጀርባዬም ይይዛል። በመጨረሻዋ ቅጽበት ግን ግራ እጄ ከፊቴ ተነጥሎ ወደ ውጭ ይፈናጠራል፤ ፍላጻውም እየተወዛወዘ ይሄዳል። ጋሼ ደጋግመው «ጣትሽን አትክፈቺ፤ ተዪው ብቻ» ቢሉኝም ልዩነቱ አልገባኝም። ረፋድ ላይ ለቡና ወደ ግቢ ስንገባ እትዬ ብለን የምንጠራቸው ጎረቤት አጎዛ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ሲነድፉ አገኘናቸው። የጥጥ መንደፊያው ደጋን እጃቸው ላይ ነው፤ የደጋኑ አውታር ጥጡ ውስጥ ገብቶ እሳቸው በጣታቸው ነጠቅ ባደረጉት ቁጥር «ድዉ» ብሎ ይንቀጠቀጣል፤ ጥጡም እንደ አረፋ ይነሣል።

ጋሼ ቆም አሉና «እጃቸውን ተመልከቺ» አሉኝ። የእትዬ ጣት አውታሩን ይዞ ወደ ጎን ይነጥቀዋል፤ ወዲያው ከአውታሩ ሸሽቶ አየር ላይ ይቀራል። አውታሩም ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ ወደ ጎንና ጎን ይርገበገባል። ጥጥ ለመንደፍ የሚያስፈልገው ያ መርገብገብ ነው። «አንቺም ጥጥ እየነደፍሽ ነው» አሉኝ። እትዬ ሰምተው ሳቁና ደጋኑን አቀበሉኝ። ሁለት ሦስት ጊዜ ነደፍሁ። እጄ የሚያደርገውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ ሆኜ አየሁት፤ ስምንት ወር በቀኝ እጄ፣ አሁን ደግሞ በግራ እጄ የማደርገው ያንኑ ነው።

ወደ ሜዳው ተመልሰን ጋሼ ሌላ መንገድ አሳዩኝ። ውኃ የሞላ ባልዲ በጣቶቼ አንጠልጥዬ እንድቆምና ባልዲውን እንድለቅ አዘዙኝ። ባልዲ ሲለቀቅ ማንም ሰው ጣቱን በኃይል አይከፍትም፤ መያዙን ብቻ ይተዋል፤ ክብደቱ ራሱ ጣቱን ገፍቶ ይወጣል። አውታርም እንዲሁ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሠላሳ ጊዜ ያህል ወረወርሁ። በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው ላይ እጄ በአንገቴ ጎን ተንሸራትቶ ትከሻዬ አጠገብ ቆመ፤ ፍላጻውም ሳይወዛወዝ፣ ድምፁ ሳይሰማ ጆንያው ውስጥ ገባ። ጋሼ «ጎሽ!» አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ይህን ቃል ከአፋቸው የሰማሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቸኮልሁ። ያን ስሜት እንደገና ለማግኘት እየጓጓሁ ክርኔን ወደ ውጭ ማዞር ስለረሳሁ አውታሩ የቀኝ ክንዴን ከቆዳ መከለያው በላይ ገረፈው። እንቁላል የሚያህል እብጠት ወዲያው ወጣ። ጋሼ ቀስቱን ከእጄ ወሰዱና «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ለዛሬ ይበቃል» አሉኝ።

ዓርብ

ጣቴም ክንዴም ስላበጠ ዕረፍት ሆነ። በረንዳው ላይ ተቀምጠን ላባቸው የተነቀለ ፍላጻዎችን ስንጠግን ዋልን። በአንድ ፍላጻ ላይ የሚለጠፉት ሦስት ላባዎች ከአንድ ወገን ክንፍ መሆን አለባቸው፤ ወይ ሁሉም ከግራ፣ ወይ ሁሉም ከቀኝ። የላባው ተፈጥሯዊ ጥምዝ አንድ ዓይነት ከሆነ ፍላጻው በአየር ላይ እየሾረ ቀጥ ብሎ ይሄዳልና። ለየት ያለ ቀለም ያለው አንዱ ላባ ከቀስቱ ወደ ውጭ እንዲመለከት ተደርጎ ይደገናል። ላባ ከፕላስቲክ የሚመረጥበት ምክንያትም እዚሁ ነው፤ ፍላጻው በእጀታው ጎን ሲያልፍ ላባ ተኝቶ ያሳልፈዋል፤ ፕላስቲክ ግን ገጭቶ ያስተዋል።

እንጨቱን በጣቴ እንድለምጠው ሰጡኝ። ፍላጻ ሲለቀቅ እንደ ዓሣ ተጣጥፎ እጀታውን ይዞራል እንጂ ቀጥ ብሎ አይነሣም፤ ስለዚህ የእንጨቱ ጥንካሬ ከቀስቱ ክብደት ጋር መመጣጠን አለበት። ለ30 ፓውንድ የተመረጡት የእኔ ፍላጻዎች ለ20 ፓውንዱ ቀስት ግትር ይሆናሉ። ሌላ ስድስት መረጥን። ምሳ የጾም ሽሮ በላን።

ቅዳሜ

ጋሼ ወደ ፋሲል ግቢ ሂጂ አሉኝ፤ ለጉብኝት ሳይሆን ለትምህርት። በባህላዊው አወራወር ቀስቱ ላይ ማነጣጠሪያ የለም፤ በኦሊምፒክ የሚታየው ቀስት ግን ማነጣጠሪያና ማመዛዘኛ ዘንጎች አሉት፤ ርቀቱም ሁልጊዜ 70 ሜትር፣ የዒላማው ስፋት 122 ሳንቲ ሜትር ነው። ማነጣጠሪያ የሌለው ቀስተኛ ርቀቱን በዓይኑ መመዘን ግድ ይለዋል፤ በተለይ ቀስቱ ቀላል ከሆነ ፍላጻው ቶሎ ስለሚወርድ ጥቂት ሜትር መሳሳት ዒላማውን ጨርሶ ያስታል። የቤት ሥራዬ አንድ ነገር መምረጥ፣ ርቀቱን መገመት፣ ከዚያም በእርምጃ መቁጠር ነበር። አሥር እርምጃዬ ሰባት ሜትር እንደሚሆን አስቀድመን ለክተናል።

አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 የመሠረቱት ከተማ እምብርት የሆነው ይህ ግቢ 900 ሜትር ርዝመት ባለው የድንጋይ ቅጥር የተከበበ ነው። ከዋናው ቤተ መንግሥት ጥግ ቆሜ በሣሩ ሜዳ ማዶ ያለች ጽድ 25 ሜትር ትሆናለች ብዬ ገመትሁ፤ በእርምጃ ስቆጥር 34 ሜትር ሆነች። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ግምቴ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ባዶ ሜዳ ላይ ዓይኔ የሚይዘው ነገር ሲያጣ ርቀቱን ያሳጥረዋል። በሁለት ግንብ መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ደግሞ በተቃራኒው አስረዝመዋለሁ። ይህን ካወቅሁ በኋላ መላ አበጀሁ፤ መጀመሪያ አሥር ሜትር የሚሆን ቦታ በዓይኔ እመርጣለሁ፤ ከዚያ ሌላ አሥር እቀጥላለሁ። ሃያውን ሙከራ ስጨርስ ስሕተቴ ወደ ሦስት ሜትር ወርዶ ነበር። ከላይ እስከ ታች እየቆጠርሁ ስመላለስ ያስተዋለኝ ዘበኛ ቀርቦ «እኅቴ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገሩን ስነግረው እሱም ገመተ። ከእኔ የተሻለ ገመተ፤ ግቢውን በየቀኑ የሚዞረው እሱ ነውና።

ለመጀመሪያ ጊዜ እነዚህን ግንቦች በእግሬ ያወቅኋቸው መሰለኝ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጎብኝቻቸው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀና ብዬ ጣሪያቸውን ብቻ ነበር ያየሁት።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሜዳው ላይ ተገናኘን። እብጠቱ ቀንሷል። ከአምስት እርምጃ ጀምረን ወደ አሥር ሜትር፣ ከዚያ ጋሼ 18 ሜትር ለክተው ድንጋይ ወዳስቀመጡበት ቦታ ሄድን። በአዳራሽ ውስጥ ውድድር የሚካሄድበት ርቀት ነው። ጆንያው ላይ የሻይ ማስቀመጫ ሰሐን የሚያህል ክብ ወረቀት ለጠፉ።

ስድስት ፍላጻ ተሰጠኝ። የመጀመሪያው ከወረቀቱ ሥር ገባ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውን ነድፌ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ወዲያውኑ አወቅሁት፤ ጋሼ ምንም መናገር አላስፈለጋቸውም። አራተኛውን ከአውታሩ አገናኝቼ ቆየሁ። ጀርባዬን ፈለግሁት፤ አገኘሁት። ባልዲውን አሰብሁ። ፍላጻው ሲሄድ አላየሁትም፤ ወረቀቱ ሲርገበገብ ግን አየሁ። አምስተኛው ከእሱ አንድ መዳፍ ርቆ ገባ፤ ስድስተኛው ከሁለቱ መካከል ሆነ። አንድም ወደ ግራ የሄደ የለም።

«ጎሽ!» አሉ ጋሼ። ፍላጻዎቹን ስነቅል፣ አንድ እጄን ጆንያው ላይ አሳርፌ በሌላው ከሥሩ ይዤ ቀጥ አድርጌ እየሳብሁ፣ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነበር።

ሰኞ

ቀስት ተለዋወጥን። የእኔን 30 ፓውንድ ለሌላ የቀኝ እጅ ተማሪ አስቀሩት፤ የግራውን 20 ፓውንድ ከተመረጡት ስድስት ፍላጻዎች ጋር ለእኔ ሰጡኝ። በየቀኑ 30 ጊዜ፣ ከአምስት እርምጃ፣ ዓይን ጨፍኖ፤ ለሁለት ወር ዒላማ የሚባል ነገር የለም። ከጥር በኋላ ተመልሼ እንድመጣ ተስማማን። አዘዞ ላይ የፕላስቲክ ቧንቧዬን ያዩ የፍተሻ ሠራተኞች ከፍተው አይተው መልሰው ዘጉት።

ማታ አዲስ አበባ ቤቴ ገብቼ፣ ልብሴን ሳልለውጥ ጓሮ ወጣሁና ገመዱን ረግጬ አውታሩን አሰርሁ። ጭብጤን እጀታው ላይ አሳርፌ አውራ ጣቴን ቀሰርሁ። የጋሼ እጅ ሰፊ ነው፤ የእኔ ያንሳል። በሜትር ለካሁት፦ 20 ሳንቲ ሜትር። በአውራ ጣቴና በአውታሩ መካከል የቀረው ክፍተት ሦስት ጣት ነበር። በእኔ እጅ ልኩ ይህ ነው።